«ሙስሐፍ» ከግዕዙ «መጽሐፍ» ነው የመጣው? እንከራከር

የሐይቅ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ስልካችሁ ላይ ሳይደርስ ያልቀረ አጭር ቪዲዮ አለ። አንድ ሰው «ሙስሐፍ የሚለው ቃል ከግዕዝ የተሰረቀ ነው» ይላል። ወዲያው መልስ የሚሰጥ ሌላ ቪዲዮ ወጣ። እሱ ደግሞ «ግዕዝ ነው ከአረብኛ የወሰደው» ይላል። የሁለቱም አስተያየት መስጫ በስድብ ተሞልቷል። እዚህ ቡድን ውስጥ የሁለቱንም ወገን ትምህርት የቀመሱ ሰዎች አሉ። ስለዚህ በሥርዓቱ እንነጋገርበት።

እኔ ያደግኩት ሐይቅ ነው። የአባቴ አባት ሼህ ነበሩ፣ እናቴ ክርስቲያን ናት። አያቴ ቤት ግድግዳው ላይ በቆዳ ማኅደር የተንጠለጠለ፣ በእጅ የተጻፈ ቁርዓን ነበር። እኛ ቤት ደግሞ በቆዳ ማኅደር የተንጠለጠለ የእናቴ ዳዊት አለ። ማንገቻው እንኳን አንድ ዓይነት ነው። ሴቷ አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ሁለቱንም የምትጠራቸው «መጣፍ» ብላ ነበር። «መጣፉን እንዳትነካ፣ መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» ትለኝ ነበር። የትኛውን እንደሆነ ለይታ አትነግረኝም።

አቋሜን ላስቀምጥ። ቃሉ ከግዕዝ ወደ አረብኛ የሄደ ይመስለኛል። በግዕዝ «ጸሐፈ» ማለት ጻፈ ነው። ከእሱ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ ጽሕፈት፣ መጽሐፍ ይወጣሉ። ቤተሰቡ ሙሉ ነው። በአረብኛ ግን ጻፈ የሚባለው «ከተበ» ነው። ገጽ ማለት «ሰሒፋ»፣ ብዙ ሲሆን «ሱሑፍ»፣ ሲጠረዝ «ሙስሐፍ» ይባላል። ጻፈ የሚል ትርጉም ያለው «ሰሐፈ» የሚባል ግስ ግን የላቸውም። ልጆቹ አሉ፣ ወላጁ የለም። ጀርመናዊው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ቴዎዶር ኖልደኬ በ1910 (እ.ኤ.አ.) ያለው ይህንኑ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙ የግዕዝ አጥኚዎችም ተቀብለውታል።

«ስርቆት» የሚለውን ቃል ግን አልቀበልም። እሱን ከወዲሁ ላሳውቅ።

የመርካቶው፦
ቪዲዮውን እዚህ ቡድን ውስጥ ያጋራሁት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ እኔው ልመልስ። ወንድሜ፣ ራስህ «ከግዕዝ ሄደ» ብለህ ራስህ ታለሳልሰዋለህ። ሄደ ከተባለ ሄደ ነው። የእኛ የሆነውን የእኛ ነው ማለት ለምን ያስፈራናል? ዓለም ሁሉ ስለ ግዕዝ ዝም ብሎ እኛም ዝም ልንል ነው? እኔ ማንንም መሳደብ አልፈልግም። ግን እውነቱ በሙሉ አፍ ይነገር።

ኡስታዝ ከደሴ፦
አሰላሙ አለይኩም፣ ለሌሎቻችሁም ሰላም ለእናንተ ይሁን። የሐይቁ ልጅ፣ የሼሁን ነፍስ አላህ ይማር። አንተ በአክብሮት ስለከፈትከው እኔም በአክብሮት ልቃወምህ።

አንደኛ፣ አረብኛው ቃሉን ያለ ወላጅ አላስቀረውም። ትልቁን የአረብኛ መዝገበ ቃላት «ሊሳን አል-ዐረብ»ን ግለጥ። ሙስሐፍ የተባለው «ኡስሒፈ» ስለሆነ ነው ይላል። ይህም የተጻፉ ገጾች በሁለት ሽፋን መሃል ተሰበሰቡበት ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ በቋንቋው ውስጥ አመጣጥ አለው።

ሁለተኛ፣ «ሱሑፍ» በራሱ በቁርዓን ውስጥ አለ። በሱረቱል አዕላ መጨረሻ ላይ «የኢብራሂምና የሙሳ ሱሑፍ» የሚለውን ልጆቻችን ሳይቀሩ በቃላቸው ያውቁታል። የመካ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ምን ማለት ነው?» ብለው አልጠየቁም። ቃላቸው ስለነበረ ነው።

ሦስተኛ፣ አረብኛና ግዕዝ ወንድማማች ቋንቋዎች ናቸው። «ቤት» እና «በይት»፣ «ዐይን» እና «ዐይን»፣ «ስም» እና «ኢስም»። ማን ከማን ሰረቀ ልንል ነው? የአንድ አያት ልጆች መልካቸው ቢመሳሰል ማንም አይደነቅም።

አንድ ነገር ግን ይለይልኝ። ቁርዓንና ሙስሐፍ አንድ አይደሉም። ቁርዓን የሚነበበው፣ በልብ የሚያዘው ቃል ነው። ሙስሐፍ በእጅህ የምትይዘው፣ የተጠረዘው ነው። ቪዲዮውን የሠራው ሰው ይህን አልለየም። «ሙስሐፍ የግዕዝ ቃል ነው» ካለ በኋላ «ስለዚህ ቁርዓን…» እያለ ይቀጥላል። እኔን ያስቆጣኝ ይሄ ነው።

ጂዳ የኖርኩ፦
እኔ የቋንቋ ሰው አይደለሁም፣ ግን የሆነውን ልንገራችሁ። ጂዳ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አረብኛ የሚባል አንድ ቃል አላውቅም። የአሠሪዬ እናት አሮጊት ናቸው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ወደ መደርደሪያው እያሳዩ የሆነ ነገር ይሉኛል። ከሁሉም ውስጥ አንዲት ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገባች። «አል-ሙስሐፍ» ነው ያሉት። መጽሐፍ ማለታቸው ነው ብዬ ሄጄ አነሳሁ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ በሁለት እጄ ነው ያቀበልኳቸው፣ አያያዛቸውን አይቼ። ያን ቀን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ «ይሄ ቋንቋ አይከብደኝም» ብዬ ተጽናናሁ። በኋላ ሳየው ከብዶኝ ነበር። ግን የመጀመሪያ ቃሌ እሷ ናት።

መሪጌታ፦
ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኡስታዝ የተናገሩት ሁሉ ክብደት አለው። እኔ ከግሱ ልጀምር።

በግዕዝ «መ» የምትባለዋ ባዕድ ፊደል ከግስ ፊት ስትገባ ቦታ ወይም መሣሪያ ታወጣለች። ቀደሰ ካለው መቅደስ፣ ነበረ ካለው መንበር፣ ጸሐፈ ካለው መጽሐፍ። መጽሐፍ ማለት ጽሕፈት የሚያርፍበት ማለት ነው። የማቴዎስ ወንጌል በግዕዝ ሲጀምር «መጽሐፈ ልደቱ ለኢየሱስ ክርስቶስ ወልደ ዳዊት ወልደ አብርሃም» ይላል። በጽርዑ፣ ማለትም በግሪኩ፣ እዚያ ቦታ ላይ ያለው «ቢብሎስ» ነው። ፈረንጆች «ባይብል» የሚሉት የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። የኛ አባቶች ግን ሲተረጉሙ ቢብሎስ የሚለውን እንዳለ አልወሰዱም። በእጃቸው የራሳቸው ቃል ነበረና። ይህን የምለው መጽሐፍ የሚለው ቃል በግዕዝ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ለማሳየት ነው።

ግን ሚዛኑን ላስተካክል። ይቺ «መ» በአረብኛም አለች። ሰጀደ ብለው መስጂድ ይላሉ፣ ከተበ ብለው መክተብ ይላሉ። ስለዚህ «መ» ስላለው ብቻ የግዕዝ ነው አይባልም። የሐይቁ ልጅ ያነሣው የግሱ ነገር ነው የሚከብደው። መስጂድ ከሰጀደ ወጣ ሲሉ ሰጀደ በአረብኛ ሕያው ግስ ነው፣ በየቀኑ ይነገራል። ኡስታዝን አንድ ልጠይቅ። «ኡስሒፈ» የሚለው ግስ ሙስሐፍን ለማስረዳት ካልሆነ በቀር ሌላ ቦታ ይነገራል?

የሐይቅ ልጅ፦
መሪጌታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይቺን ላክል። እኛ ዛሬ በአማርኛ «ጻፈ» ነው የምንለው፣ ሐመሩ ሐ ወድቋል። ገጠር ደግሞ ጸው ወደ ጠ ዞሮ «ጣፈ»፣ «መጣፍ» ይባላል። የአያቴ መጣፍ ከዚያ ነው። «መጽሐፍ» ብለን ሙሉውን የምንጽፈው ከግዕዝ እንዳለ ስለያዝነው ነው። አረብኛው ደግሞ ሐውንም፣ ከባዱን የ«ሰ» ድምፅም ይዞ ቀርቷል። የሙስሐፍ አካል ለግዕዙ መጽሐፍ ከእኛ አነጋገር ይልቅ ይቀርባል።

የታሪክ አስተማሪዋ፦
አሁን የተጻፈ ነገር ላምጣ። ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ የግብፅ ሊቅ ናቸው፣ በ1505 (እ.ኤ.አ.) ነው ያረፉት። ስለ ቁርዓን ትምህርቶች በጻፉት ትልቅ ሥራ ውስጥ እንዲህ የሚል ዘገባ አስፍረዋል። ቁርዓን በአንድ ጥራዝ ሲሰበሰብ ምን ብለን እንጥራው ተባለ። አንዱ «ኢንጂል» አለ፣ አልወደዱትም። ሌላው «ሲፍር» አለ፣ የአይሁድ መጠሪያ ነው ብለው ተዉት። ያኔ የነቢዩ ባልደረባ (ሰሐባ) የሆኑት ኢብን መስዑድ «በሐበሻ አገር ሙስሐፍ ብለው የሚጠሩት መጽሐፍ አይቻለሁ» አሉ፤ በዚያው ተጠራ። በሌላ ዘገባ ደግሞ ሳሊም የሚባሉ ሰሐባ ናቸው ይህን ያሉት።

እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች በ615 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ወደ ነጃሺ አገር መሰደዳቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ኢብን መስዑድ ከስደተኞቹ መካከል ይቆጠራሉ። ታሪኩ ከቦታውም ከጊዜውም ጋር ይገጥማል። በዚያ ዘመን እኛ ጋ የተጠረዘ መጽሐፍ ስለመኖሩ ደግሞ ጥርጥር የለም። አድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች በካርቦን ተመርምረዋል። ውጤቱ በ4ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ያስቀምጣቸዋል። አንደኛው ከ6ኛው ክፍለ ዘመን አይወርድም። ይህ ማለት ከሂጅራ፣ ነቢዩ ወደ መዲና ከተሰደዱበት ጊዜ፣ በፊት ነው።

ኡስታዝ ከደሴ፦
እህቴ፣ ዘገባውን ስላመጣሽው ደስ ብሎኛል። ግን ሳይቆረስ ይምጣ። ያቺን የሳሊምን ዘገባ ራሳቸው ሱዩጢ «ሰንሰለቷ የተቆረጠ ነው» ብለዋል። እኛ ዘንድ ዘገባ የሚመዘነው በሰንሰለቱ ነው። ማን ከማን ሰማ? መሃል ላይ ሰው ከጎደለ ማስረጃ አይሆንም። የኢብን መስዑዷም ብትሆን ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ በተጻፈ መጽሐፍ ነው የምናገኛት።

ከዚያም በላይ አለ። ሙስሐፍ የሚለው ቃል ያን ቀን አልተወለደም። ከእስልምና በፊት የነበረው ገጣሚ ኢምሩኡል ቀይስ የፈረሰ ሰፈር አይቶ ሲያለቅስ፣ የቀረውን ምልክት «በመነኮሳት መሳሒፍ ላይ ካለ የዘቡር ጽሕፈት» ጋር ያመሳስለዋል። መሳሒፍ የሙስሐፍ ብዙ ቁጥር ነው። ስለዚህ አረቦች ቃሉን ቀድመው ያውቁታል። ሰሐቦች ተሰብስበው አዲስ ስም ፈለጉ የሚለው ታሪክ በዚህ ይወድቃል።

የመሪጌታን ጥያቄ አልዘለልኩትም። እውነት ነው፣ «ኡስሒፈ» ብዙ ቦታ አይገኝም። ከሙስሐፍ ጋር ነው የሚጠቀሰው።

የሐይቅ ልጅ፦
ኡስታዝ፣ ይህን በማመንዎ አከብርዎታለሁ። የኢምሩኡል ቀይስን ግጥም ግን ለራሴ ልውሰዳት። ገጣሚው ሙስሐፍን ያየው የት ነው? መነኮሳት እጅ ላይ። ውስጡስ ምን ተጽፏል? ዘቡር፣ ማለትም ዳዊት። ይሄ እኮ የእናቴ መጽሐፍ ነው! ስያሜው የተወሰነበት ስብሰባ ባይኖርም እንኳን፣ አረቦች ቃሉን ከክርስቲያን መነኮሳት ጥራዝ ጋር አያይዘው ነበር የሚያውቁት ማለት ነው።

አንድ ደግሞ ከራስዎ መዝገበ ቃላት። «ሊሳን አል-ዐረብ» ቃሉ በሦስት ዓይነት እንደሚነገር ያስፍራል። የቀይስ ነገድ «ሙስሐፍ» ይላል። የተሚም ነገድ «ሚስሐፍ» ይላል። ሦስተኛው ከአረብኛ ሰዋስው ሊቁ ከኪሳኢ የተወራ ነው፣ እሱም «መስሐፍ» ነው። በግዕዝ ድምፅ ያንብቡት እስቲ። አንድ ቃል በየነገዱ አናባቢው ሲዋዥቅ ብዙ ጊዜ እንግዳ ቃል ነው። ማረፊያ እየፈለገ ነው።

የመርካቶው፦
እኔ እኮ ይህንኑ ነው የምለው። ከመነኮሳት ወሰዱ፣ አለቀ። ለምን እንሽኮረመማለን?

መሪጌታ፦
ልጄ፣ ተው። እስቲ ልጠይቅህ። «ሃይማኖት» የምትለው ቃል የማን ነው? ከሶርያ ነው የመጣው። «ቀሲስ»ስ? እሱም የሶርያ ነው። «ወንጌል» የጽርዕ ነው፣ «ጳጳስ» የጽርዕ ነው፣ «ኦሪት» የአራማይስጥ ነው። አንድ አማኝ «ሃይማኖቴ» ብሎ አፉን ሲከፍት የሶርያ ቃል ነው የሚናገረው። እንግዲህ ቃል መዋስ ስርቆት ከሆነ እኛ ሃይማኖት የሚለውን ቃል ራሱን ሰርቀናል ልትል ነው። እንደዚያ ትላለህ? አባቶቻችን ቃሉን የወሰዱት ነገሩን ስለወደዱት ነው። ከነስሙ ተቀበሉት።

አሁን አንተ የያዝከው ሰይፍ በሁለት በኩል ነው የሚቆርጠው። እኔ በእጅህ ላይ ሲያርፍ ማየት አልፈልግም።

ከነታንያ፦
ሻሎም፣ ሰላም። እኔ ኦሪት ሲባል ሰምቼ ነው የገባሁት። እኛ ቤተ እስራኤሎች ለዘመናት «ኦሪት» ነው ያልነው፣ ቄሶቻችንም በግዕዝ ነው የሚያነቡት። እዚህ እስራኤል ስመጣ ሰዎች «ቶራ» ይላሉ። ልጅ ሆኜ «ኦሪትና ቶራ ይለያያሉ እንዴ?» ብዬ አባቴን ጠይቄዋለሁ። «ልብሱ ነው የተለየው» አለኝ። ኋላ ነው ኦሪት «ኦራይታ» ከሚለው የአራማይስጥ ቃል እንደመጣ ያወቅኩት። የዚህ አገር ሊቃውንትም በድሮ ጽሑፎቻቸው ቶራን ኦራይታ ይሏታል። የእኛ ቃል እንግዳ ነው ሲሉን የነበሩት ሰዎች ታልሙድ ውስጥ እንዳለ ሲያዩ ዝም አሉ።

«ሲፍር» ብለው የተዉት ደግሞ የዕብራይስጡ «ሴፈር» ነው። እሱም መጽሐፍ ማለት ብቻ ነው። ሁሉም ለቅዱሱ ነገር «መጽሐፍ» ከማለት ያለፈ ስም አላገኘለትም። ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ጂዳ የኖርኩ፦
እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። አረቦቹ ጻፈ ሲሉ «ከተበ» ነው ተባለ። እኛ ደግሞ «ክታብ» ስንል አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ነው። ልጅ ሲከተብስ «ክትባት» አይደል የምንለው? ይሄ ከዚያ ነው?

የሐይቅ ልጅ፦
እህቴ፣ በደንብ ነው ያየሽው። ሥሩ አንድ ነው። በአረብኛ ዋናው የመጻፍ ግስ ከተበ ነው። እኛ ጋ ዋናው ጸሐፈ ስለሆነ ከተበ የቀረችው በጥግ ሥራ ላይ ነው። ክታብ መጻፍ፣ ቆዳ ላይ መውጋት፣ ከዚያ ክትባት። እዚያ ማዶ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው። ዋናው ከተበ ነው፣ የእኛው የጸሐፈ ሥር የቀረው በጥራዝና በገጽ ላይ ነው። ዛሬ ጋዜጣ «ሰሒፋ» ይባላል፣ ጋዜጠኛ «ሰሐፊ»። በቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ ሁለቱ ቃላት ቦታ ተቀያይረው የተቀመጡ ነው የሚመስለው።

የታሪክ አስተማሪዋ፦
ኡስታዝ በዘገባው ሰንሰለት ላይ ያሉት ልክ ነው፣ እቀበላለሁ። እንደ ማስረጃ ሳይሆን፣ ቀደምት ሙስሊሞች ቃሉን ከሐበሻ ጋር አያይዘው ለማውራት እንዳላፈሩ ማሳያ አድርጌ ብቻ ልያዘው። ይህም ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ያኔ ያላሳፈራቸውን ዛሬ እኛ የጠብ ምክንያት አድርገነዋል።

ለሐይቁ ልጅ ደግሞ አንድ እንቅፋት ላስቀምጥ። የመንን ረስተሃታል። በሳባውያን ጽሑፎች ላይ የዚሁ ሥር ቃል «ሰነድ» በሚል ትርጉም ይገኛል። ስለዚህ ወደ መካ የገባው ከአክሱም በባሕር ሳይሆን ከየመን በየብስ ሊሆን ይችላል። በየዓመቱ የግመል ነጋዴ የሚመላለሰው በዚያ መንገድ ነው። ግዕዝን ዘለን «ከደቡብ አረቢያ ነው» የሚሉ አጥኚዎች አሉ፣ ሐሳባቸውም የሚናቅ አይደለም።

የሐይቅ ልጅ፦
የመንን አልረሳሁም፣ ግን በየመን ውስጥ ራሱ ማን ነበር? ንጉሥ ካሌብ በ525 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ባሕር ተሻግሮ ሒምየርን ያዘ። ከእሱ በኋላ ሐበሻው አብርሃ እዚያው ነገሠ። ማሪብ ላይ በግዕዝ የተቀረጸ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀሰ ቃል ያለበት የድንጋይ ስብርባሪ ተገኝቷል። ስለዚህ በየመን አለፈ ቢባል እንኳን የግዕዝ ካህናት እዚያም ነበሩ። ሳባ ውስጥ ያለው ቃል ሰነድ ነው፣ የንብረትና የውል ወረቀት ዓይነት። የተጠረዘ ቅዱስ መጽሐፍ የሚለውን ትርጉም የምናገኘው ግን በግዕዝ ነው። የኔ ክርክር እዚህ ላይ ይቆማል።

የታሪክ አስተማሪዋ፦
«ይቆማል» ካልክ ጥሩ። እኔ ግን ስድሳ በመቶ ነው የምሰጥህ እንጂ መቶ አይደለም። ተማሪዎቼ ፊት «ከግዕዝ ነው፣ አለቀ» ብዬ አልናገርም። «ከቀይ ባሕር ደቡብ ነው፣ ግዕዝ ይበልጥ ይቀርበዋል» እላለሁ።

መሪጌታ፦
ስለ ጥራዙ አንድ ቃል ልበል፣ ብዙ ዘመን በዚህ ሥራ ላይ ነበርኩ። የፍየል ቆዳ ተፍቆ፣ ተወጥሮ፣ ደርቆ ብራና ይሆናል። ብራናው ታጥፎ ጥራዝ ጥራዙን በጅማት ወይም በክር ይሰፋል። ከዚያ በሁለት የእንጨት ገበታ መሃል ይገባል። ዋንዛ ጥሩ ነው፣ አይሰነጠቅም። በላዩ ቆዳ ይለብስና ይደጎሳል። ኡስታዝ ከመዝገበ ቃላታቸው ያነበቡልን «በሁለት ሽፋን መሃል የተሰበሰበ» የሚለውን ሳነብ እጄን ያየሁት መሰለኝ። ይሄ የጠራዥ ቋንቋ ነው። ቃሉ ከዕቃው ጋር ነው የተጓዘው ብል አላጋንንም። ነጋዴ አዲስ ዕቃ ሲያመጣ ስሙንም ይዞ ይመጣል፤ ራዲዮ ራዲዮ ተብሎ እንደገባ ማለት ነው።

ኡስታዝ ከደሴ፦
መሪጌታ፣ ይህ ገለጻዎ ልቤን ነካው። ሐረር ውስጥ ሙስሐፍ የሚጠርዙ ሰዎችን ሥራ አይቻለሁ። ክሩ፣ ቆዳው፣ ድጉሱ፣ ከተናገሩት ብዙም አይርቅም።

አሁን ሐሳቤን ልጠቅልል። በቁርዓን ውስጥ ከሌላ ቋንቋ የመጣ ቃል አለ ወይስ የለም የሚለው ክርክር ለእኛ አዲስ አይደለም፣ የጥንት ሊቃውንቶቻችን ተከራክረውበታል። ኢማም ሻፊዒ «የለም» ብለዋል፣ ቁርዓን ራሱን በጠራ አረብኛ ነኝ ብሏልና። ጠበሪ «ቋንቋዎች ተገጣጥመው ነው» ብለዋል፤ እኔ መጀመሪያ ላይ ያልኩት እሱን ነው። አቡ ዑበይድ ደግሞ ሁለቱንም አስታረቁ። ቃላቱ ከሌላ ቋንቋ መጡ፣ አረቦች በምላሳቸው ለወጧቸው፣ ቁርዓን ሲወርድ አረብኛ ሆነው ቆዩት አሉ። በሱረቱን ኑር ላይ ያለው «ሚሽካት» የሚለውን ቃል ቀደምት የቁርዓን ፈቺ የሆኑት ሙጃሂድ የሐበሻ ቋንቋ ነው ብለው እንደፈቱት ተዘግቧል። እኔ ያን ሳነብ «መስኮት» የሚለው ወዲያው መጣልኝ። አልደነገጥኩም። የብርሃኑን አንቀጽ ባነበብኩ ቁጥር የአገሬን ቤት መስኮት አስባለሁ፣ ደስም ይለኛል።

ሙስሐፍ ደግሞ በቁርዓን ውስጥ የለም። ስለዚህ ከግዕዝ መጣ ብትሉኝ እምነቴን የሚነካው ነገር የለም። ከአቡ ዑበይድ ጋር ሆኜ ልቀበላችሁ እችላለሁ። «ተሰረቀ» የሚለውን ግን ዛሬም ነገም አልቀበልም። ሰው ተሰድዶ በመጣበት አገር እንግድነት ተቀብሎ፣ እንጀራ በልቶ፣ አንድ ቃል ይዞ ቢመለስ ሌባ ይባላል?

የመርካቶው፦
ኡስታዝ፣ ይቅርታ። የእውነት ነው የምለው። ቪዲዮውን ከገጼ አንስቼዋለሁ። «ተሰረቀ» የሚለውን ሳጋራ የግዕዝን ክብር ያነሣሁ መስሎኝ ነበር። መሪጌታ የሃይማኖትን ቃል ሲያነሱ ነው የነቃሁት። አሁንም ግን ግዕዝ ለዓለም የሰጠው ነገር ይነገር እላለሁ። ሐዋርያ የሚለውም በቁርዓን ውስጥ «ሐዋሪዩን» ተብሎ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

መሪጌታ፦
እውነት ነው። ሖረ፣ ሄደ ካለው ሐዋርያ፣ ተልኮ የሚሄድ። አንዳንድ የአረብ ሊቃውንት ልብሳቸው ነጭ ስለነበር ነው ብለው ይፈቱታል። የግዕዙ ፍች ግን ከሥራቸው ጋር ይገጥማል። ሱረቱል ማኢዳ የምትባለውም ከማእድ ጋር ትያያዛለች የሚሉ ብዙ ናቸው። እሱን በሌላ ቀን ብንከፍተው ይሻላል፣ ማእድ ሰፊ ነው።

ኡስታዝ ከደሴ፦
የሐይቁ ልጅ፣ አንድ አደራ። የአያትህ ሙስሐፍ አሁንም አለ? ካለ የመጨረሻውን ገጽ አሳየን። የድሮ ጸሐፊዎች ሲጨርሱ እዚያ ላይ ስማቸውን፣ ዓመቱንና «ይህ ሙስሐፍ ተፈጸመ» የሚል ዓይነት ቃል ይጽፉ ነበር። አንዳንዱ የወሎ ሰው በአጀሚ፣ ማለትም በአረብኛ ፊደል፣ አማርኛ ሳይቀር ይጨምርበታል። ሼሁ የትኛውን ቃል እንደተጠቀሙ ማየት እፈልጋለሁ።

የሐይቅ ልጅ፦
አለ፣ አክስቴ ጋ ነው። ማኅደሩ ከተፈታ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ቅዳሜ ሐይቅ እወርዳለሁ። ገጹን የምትገልጠው አክስቴ ናት፣ ውዱእ አድርጋ። እኔ ፎቶውን ብቻ ነው የማነሳው። እጄን ግን እታጠባለሁ።